የዘይኑልአቢዲን ምስክር ወረቀት

ሐዋ ሁልጊዜ ማለዳ የባሏን ጫማ በጨርቅ ወልውላ በሩ ደፍ ላይ ታኖራለች፤ ሲመሻሽ መልሳ ታስገባዋለች። ጫማው ጥቁር ነው፤ ሶሉ በመኪና ጎማ የተቀየረ፣ የግራውና የቀኙ ማሰሪያ የማይመሳሰል። ደሴ፣ ሸዋ በር ሰፈር ባለው ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ቧንቧው የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ ጫማውን ያይና ዘይኑልአቢዲን ማታ ከደጋን ገበያ ገብቷል፣ ደክሞት ተኝቷል ብሎ ያልፋል። ፍየል ነጋዴ ስለነበረ ወር ጠፍቶ አንድ ሌሊት አድሮ መመለሱን ሰው ለምዶታል። ዘይኑልአቢዲን ግን ባለፈው ጥቅምት ወንድሙን ሊጠይቅ ቢስቲማ ሄዶ ትኩሳት ያዘው፤ በአራተኛው ቀን እዚያው ተቀበረ። አሁን ሰኔ ነው።

ሸሪፋ የዚያ ወንድሙ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ አልመጣላትም፤ ደሴ አጎቷ ቤት እንደተቀመጠች ሦስት ቁርጥራጭ ሥራ ይዛለች። ጠዋት በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳር ትመዝናለች፤ ቀን ኮምቦልቻ ወርዳ እህል መጋዘን የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ተመልሳ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ሦስቱም ተደምረው የአንድ ሰው ደመወዝ አይሞሉም። ለአጎቷ ቀብር አልደረሰችም። ሐዋ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ተመለሰች፤ ጥቁር ሻሿን አውቶቡሱ ሐይቅ ከተማ ላይ ሲቆም ፈትታ በጉያዋ ከታ፣ ከገበያ እንደመጣ ሰው ግቢው ገባች። «አጎትሽ የለም» አለቻት በሩን ከዘጋች በኋላ። «ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ። ቤቱ በስሙ ነው።» ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ የምትቀመጠውን ዒዳ ሐዋ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስትቸረችር ፈጸመችው። አልቅሳ ከሆነ ሸሪፋ አላየችም። ማታ ማታ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ የሚሰማው የሁለቱ ማኘክና ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታቸው የእቴነሽ ሬዲዮ ብቻ ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የመንገድ በኩሉ ክፍል መስኮት አለው። የወር ኪራዩ አራት ብር ከሃምሳ፣ በዘይኑልአቢዲን ሀምዱ ስም የተመዘገበ። ልጅ ለሌላት መበለት ሁለት ክፍል አይገባም የሚል መመሪያ አለ፤ እንደ እሷ ያሉትን ቀበሌው ወንዙ ዳር ባሉት የቆርቆሮ ክፍሎች ለሦስት ለአራት ያዳብላቸዋል። የሸሪፋ ስም ደግሞ ቢስቲማ እንጂ ደሴ በቤተሰቡ ቅጽ ላይ የለም። ስለዚህ ሟቹ በሕይወት መኖር ነበረበት። በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ መሠረተ ትምህርት ካልተማረ ለቤተሰቡ ስኳር አይሸጥም። ነጋዴዎችና ሾፌሮች በተገኙበት ቀን እቤታቸው እንዲማሩ ስለተፈቀደ፣ ሸሪፋ አጎቷን በዚያ መዝገብ አስገባችው። በየቀኑ ስሙ ፊት ምልክት አደረገች። የፈተናውንም ወረቀት ራሷ በግራ እጇ ሠራችለትና ከመቶ ሰማንያ ስምንት አመጣ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ካፊያ እየጣለ፣ የሱቁ ሰልፍ እስከ መስጊዱ አጥር ደርሶ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ፈንታሁን ጃንጥላውን አጥፎ በጎን በር ገባ። ከወልድያ ተዛውሮ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሁልጊዜ ቅጽ የያዘ መምህር።

«ጓዲት ሸሪፋ፣ ምሥራች» አለ። «አጎትሽ ተመረጡ።»

ስኳሩን ሚዛኑ ላይ እንዳፈሰሰች ቀረች። «ለምን ተመረጡ?»

«አርአያ ተማሪ ሆነው ነዋ። መዝገቡን ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጥ አደርኩ። አንዱ ለገበያ ቀርቷል፣ አንዱ ለረመዳን፣ አንዷ ለወሊድ፣ ሌላው ለልቅሶ። በዚህ ቀበሌ ከሦስት መቶ ሰው አንድ ቀን ያልቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከአውራጃው እንግዳ ይመጣል፤ ምስክር ወረቀቱን ከእጁ ይቀበላሉ።»

ክፍተት ካለ ጥያቄ ይመጣል ብላ አንዲት ቀን እንኳ ሳትዘልል ምልክት ስታደርግ የከረመችው እሷ ናት። ሰው የሆነ ሁሉ እንደሚቀር አላሰበችም ነበር። «ደጋን ናቸው» አለች።

«ደጋን ባሕር ማዶ አይደለም። አንቺ እንደሆነ ኮምቦልቻ መውረድሽ አይቀርም፣ ትንሽ ቀጥ ብለሽ ይዘሻቸው ነይ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰልፈኛው እንዳይሰማው የፈለገው ለእሷው አዝኖ ይመስላል። «አንቺ ልጅ፣ የቤቶች ኮሚቴው፣ ‹ሰውዬው አይታዩም› እያለ ነው። ቤቱን ለሌላ ሰው ለማዞር ስም ይዟል። ዛሬ በሕዝብ ፊት ይታዩና ወሬው ይዘጋ። ካልመጡ ግን ሰኞ እኔም አፍ አይኖረኝም።»

ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ሚዛኑን አሳርፊልን፣ ስኳሩ በካፊያ ሊሟሟ ነው» አለች፤ ሰው ሳቀ። ሸሪፋ ኪሎውን ጠቅልላ ሰጠች፣ ኩፖኑን ቆረጠች፣ ቀጣዩን ጠራች። አራት ሰዓት ሲሆን ሱቁን አስረክባ ወደ ቤት ሮጠች። ሐዋ በርበሬ እየለቀመች ነበር። ሸሪፋ የሆነውን ሁሉ ቆማ ነገረቻት። ሐዋ እጇን ከሰፌዱ አላነሳችም፤ ቀዩን ከነጩ መለየቷን ቀጠለች። ብዙ ቆይታ ተነሳችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ስትመለስ የባሏን ቡናማ ኮትና ነጭ ቆቡን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ጥቅሉን ሸሪፋ ክንድ ላይ አስቀመጠችና ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ሸሪፋም ለማን እንደሆነ ገና አላወቀችም።

አውቶቡሱ በሐረጎ ጠመዝማዛ እየተንገጫገጨ ሲወርድ ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ቦርከና ታች ቀይ ጎርፍ ይዞ ይታያል። ከጎኗ የተቀመጠ ዶሮ ነጋዴ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራላት፤ ቀበሌ ያለው አይበቃም፣ ገበያ ያለው አይቀመስም። እሷ አጎቷን ሆኖ የሚቆምላት ፍለጋ የምታውቃቸውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ታስብ ነበር፤ ፈንታሁንም የቤቶች ኮሚቴውም አጎቷን በመልክ አያውቁትም። የሸዋ በር ሰው ሁሉ ይታወቃል። የቢስቲማ ሰው ለማምጣት ቀኑ አይበቃም። ኮምቦልቻ ስትወርድ ሙቀቱ ፊቷን መታት፤ ደሴ የለበሰችውን ሹራብ አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረች። መጋዘኑ በር ላይ እንደ ሁልጊዜው ከካሚዮን የተንጠባጠበ ስንዴ ከአፈር የሚለቅሙ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ዘበኛው አንዳንዴ ያባርራቸዋል፣ አንዳንዴ ዞር ይልላቸዋል።

ውስጥ፣ ከጆንያው ክምር ሥር፣ አባ ማረው ወስፌያቸውን ይዘው እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የኩታበር ገበሬ ናቸው። ባለፈው ዓመት በድርቁ ጊዜ ከነቤተሰባቸው እዚህ ኮምቦልቻ ወዳለው የረሃብተኞች መጠለያ ወርደው፣ ሚስታቸው ሞታባቸው፣ እዚያው የቀሩ ሰው። መጋዘኑ በቀን ብር ከሃያ አምስትና በእፍኝ ስንዴ ጆንያ ያሰፋቸዋል። እንደ ዘይኑልአቢዲን ስድሳ ዓመት ያልፋቸዋል፤ ቁመታቸው ግን ይበልጣል። ሸሪፋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሲባጎ ወስፌዋ ላይ እየሻጠች፣ ዓይናቸውን ሳታይ ሁሉንም ነገረቻቸው። 

«ስሙን እስቲ ድገሚልኝ።»

«ዘይኑልአቢዲን።»

«ይሄ ስም አይደለም፣ ረጅም መንገድ ነው» አሉ። ከዚያ አንድ ጆንያ ሰፍተው ጨረሱ። «ክርስቲያን መሆኔን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አባ። ማተብዎን በሻርፕ እንሸፍነዋለን።»

«መሸፈኑን ይሸፈን፣ እግዜር በጨርቅ አይታለልም፤ ግድ የለም። የሞተ ሰው ሲጠራ አቤት ማለት ነው የከበደኝ። ሚስቱ ታውቃለች?»

«ኮቱን የሰጠችኝ እሷ ናት።»

ሽማግሌው ኮቱን ከጋዜጣው አውጥተው ገለበጡት፣ ኪሱን ዳበሱት። ባዶ ነበር። «ንባብ ልጅ ሳለሁ ከየኔታ ዘንድ ተምሬያለሁ። ዳዊት ደግሜያለሁ። መጻፍ ግን አላስተማሩኝም፤ በእኛ ጊዜ መጻፍ ሌላ ሙያ ነበር። ጻፍ ያሉኝ እንደሆንስ?»

«እጄን ያመኛል ይበሉ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ጣቶቻቸውን እያዩ። «እሺ፣ እመጣለሁ። አንቺ ግን አሁን አንድ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።»

ልጃቸው አልታየች ትባላለች። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ እሳቸው በተስቦ ድንኳን ውስጥ ተኝተው ሳለ፣ ከመጠለያው በካሚዮን ተጭና ወደ ሰፈራ ተወሰደች። ወለጋ ነው ያሏቸው። ሸሪፋ ከመዝገብ ደብተሯ አንድ ገጽ ገነጠለች፣ ጉልበቷ ላይ ጆንያ አንጥፋ ያሏትን ጻፈች፦ ደኅና ነኝ፣ እናትሽን ኩታበር ወስጄ መቅበር አልቻልኩም፣ እዚሁ ነው ያረፈችው፣ ቦታውን ምልክት አድርጌበታለሁ፣ ስትመጪ አሳይሻለሁ። አድራሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ወለጋ የት ነው ያሏት?»

«ወለጋ ብቻ ነው ያሉኝ። ሰፊ ነው እንዴ?»

«አይ» አለች ሸሪፋ። «በስሟ ይደርሳታል።» ፖስታው ላይ «ለአልታየች ማረው፣ ወለጋ ሰፈራ ጣቢያ» ብላ ጻፈች። ሽማግሌው ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ኮቱን ለበሱ። እጅጌው አጠራቸው።

ወደ ደሴ ሽቅብ ሲመለሱ ሽማግሌው እስከ ሐረጎ አናት ድረስ ስሙን ከንፈራቸው ውስጥ እንደ ጸሎት ደጋገሙት። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ከጨርቁ በላይ ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ከሥሩ ውሃውን የሚቀበል ባልዲ። ሸሪፋ አባ ማረውን ፊት ለፊት ከተሸላሚዎቹ ተራ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሄደች። ሐዋ ከመሃል አግዳሚ ወንበር ላይ በነጠላዋ ተከናንባ ተቀምጣለች። አብዛኞቹ የግቢው ሰዎች ዙሪያዋን ናቸው።

እንግዳው ካኪ የለበሰ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ የቸኮለ ሰው ነበር። ሁለት ንግግር ተደረገ። ከዚያ ጓድ ፈንታሁን ወረቀቱን አንስቶ በትልቅ ድምፅ፣ «ጓድ ዘይኑልአቢዲን ሀምዱ» ሲል ጠራ።

«አቤት» አሉ አባ ማረው፤ ተነሡም።

በግቢው ሰዎች ተራ አንገት ሁሉ ቀና አለ። ከሸሪፋ ጎን ያለችው እቴነሽ ዓይኗን አጥብባ አየች። «ወይ ጉድ» አለች በሹክሹክታ። «አጎትሽ ደጋን ወርዶ ቁመት ጨመረሳ።» ከኋላ አንዱ ሳቁን በመሐረብ ያዘ። እንግዳው ለሽማግሌው የማስተማሪያውን መጽሐፍ ገልጦ ሰጣቸውና፣ እስቲ ያንብቡልን አለ። አባ ማረው መጽሐፉን ከፊታቸው አራቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ስለ ኅብረት እርሻ የሚለውን ምንባብ በዳዊት ዜማ፣ ቃሉን እየጎተቱና መጨረሻውን ከፍ እያደረጉ አነበቡት። ነጭ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ዳዊት ሲያዜም አዳራሹ አየ፤ ቆብ ያደረገውም ማተብ ያሰረውም ሰው እንዳይስቅ መሬት መሬት ያይ ነበር። እንግዳው አልገባውም፤ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

እቴነሽ ግን ድንገት ሳቋን ተወች። ሐዋን አየች፣ ኮቱን አየች፣ ወደ ሸሪፋ ዞረች። «መቼ ነው?» አለች።

«ጥቅምት።»

 እቴነሽ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና እንደ ለቅሶ ደራሽ ደረቷ ላይ አጣፋችው። ከፊቷ ያለችው ሴት ዞር ብላ ይህን አየች፤ እሷም ያንኑ አደረገች። ነገሩ ያለ ቃል ከወንበር ወደ ወንበር አለፈ። ማንም ተነሥቶ፣ ይህ ሰው እሱ አይደለም አላለም። የቤቶች ኮሚቴው ሰውዬ በሩ ጋ ቆሞ ጎረቤቶቹን በዓይኑ ይጠይቃል፤ ሁሉም ወደ ጣሪያው ወይም ወደ ባልዲው ያያል። ሸሪፋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች። አልፏል፣ አለች በልቧ። ቤቱ ተረፈ።

«ባለቤታቸውስ የሉም?» አለ እንግዳው። «ከአርአያ አባወራ ጀርባ ያለችውን ሴት መርሳት አይገባንም። ይምጡና አጠገባቸው ይቁሙ፤ ፎቶ ይነሣ።»

ጓድ ፈንታሁን ደስ ብሎት በእጁ ጠራት። ሐዋ ተነሣች። ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። ቀስ ብላ ሄዳ ከአባ ማረው ግራ ቆመች፤ ባሏ በሕይወት ሳለ አብረው ሲቆሙ የሚሆነውን ያህል ርቀት ጠብቃ። ፎቶ አንሺው፣ ጠጋ በሉ አለ። አባ ማረው አንገታቸውን ደፉ። ሐዋ ወደ ሰውዬው ሳይሆን ወደ ኮቱ ትከሻ ተመለከተች፤ እጇን አንሥታ አንድ ስንዴ ከላዩ ላይ አነሣች። ከዚያ ከሆዷ አንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ሳል ይመስል ነበር። ቀጥሎ ግን ረዘመ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ የሚያውቀው ሆነ።

«ምን ሆኑ?» አለ እንግዳው።

እቴነሽ ከኋላ ብድግ አለች። «ደስታ ነው ጌታዬ» አለች። «ደስታ አሸንፏት ነው።»

ጓድ ፈንታሁን አጨበጨበ፤ አዳራሹም ተከተለው። የግቢው ሰዎች ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ፤ እጃቸው እስኪቀላ፣ ድምፁን ለመሸፈን። ረጅም ጭብጨባ ነበር። ሐዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ በትዕግሥት ቆመች። አዳራሹ ሲረጋ ፊቷን ጠረገች።

«ደስታ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። «እኒህ ሰውዬ ባሌ አይደሉም። በኔ ምክንያት ነው የመጡት፤ አትንኳቸው። ባሌ ቢስቲማ ከተቀበረ ስምንት ወሩ ነው። ወላሂ፣ አንድ ቀን አላለቀስኩለትም።» ይህን ብላ እዚያው እንግዳው እግር ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

የግቢው ሴቶች አንድ በአንድ ወጥተው ሄደው ዙሪያዋን ተቀመጡ። አንዷ፣ «አላህ ይርሐመው»፣ ሌላዋ፣ «ነፍስ ይማር» አለች። አባ ማረው ኮቱን አውልቀው አጥፈው ከሐዋ ፊት አኖሩትና በሸሚዝ ብቻ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እንግዳው ሰዓቱን አየ፤ ለፈንታሁን በጆሮው አንድ ነገር ነግሮት ጃንጥላ ተይዞለት ወጣ። የቤቶች ኮሚቴው ሰውዬ ከበሩ ጠፍቷል።

ጓድ ፈንታሁን ሸሪፋን ወደ ጥግ ጠራት። ምስክር ወረቀቱ እስካሁን እጁ ላይ ነበር፤ የት እንደሚያኖረው ጨንቆታል። «ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ፈተናውንስ?»

«እኔው ነኝ።»

የሚቆጣ መስሏት ጠበቀች። እሱ ግን የደከመው ሰው ይመስል ነበር። «መዝገቡን ለእንግዳው ያሳየሁት በገዛ እጄ ነው» አለ። «ነገ ስለዚህ እኔም እጠየቃለሁ። ከእንግዲህ አታስተምሪም። ሱቁም አይሆንልሽም። ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ቀርበሽ ቃል ትሰጫለሽ።» ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ተመለከተ። «እንግዳው ቤቱን ዛሬውኑ አሽጉ ብሎኛል። በእናንተ ሐዘን ስንት ቀን ነው የሚቀመጠው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ቀን እኔ አቆያቸዋለሁ። በአራተኛው ቁልፉን ታስረክባላችሁ።»

ሸሪፋ በአግዳሚዎቹ መካከል አልፋ ሴቶቹ ጋ ደረሰች። ሐዋ ሻሿን ፈትታ ፀጉሯን ነጭታለች፤ ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን ሸሪፋ ስምንት ወር ሙሉ ያላየችው የድሮው ፊት ነበር። ሸሪፋ ጎንበስ ብላ የተባለችውን በጆሮዋ ነገረቻት፦ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ቁልፉ። ሐዋ ሰማች።  ወደ እቴነሽ ጠጋ ብላ ከጎኗ በሲሚንቶው ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አበጀች።

«ነይ ተቀመጪ» አለች። «ላንቺም አጎትሽ ነው።»

ሸሪፋ ተቀመጠች።